ምግባችን ስንት ሊትር ናፍጣ ይጠጣል?

ሚዛን ተፈሪ ገበያ የወጣ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ጎደሬው የተቀመጠው ማዳበሪያ ውስጥ ነው። ጀንፈሉ ማዳበሪያ ውስጥ ነው። ከሰሉም፣ በቆሎውም፣ ኮረሪማውም እንደዚያው። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ (እኛ አገር ዝናብ መቼ ነው የማይመጣው?) ሻጮቹ ራሳቸው ላይ ጣል የሚያደርጉት ያንኑ ማዳበሪያ ነው። ማዳበሪያ ስንል እንግዲህ ከረጢቱን ማለታችን ነው። ውስጡ የነበረው ነጭ ፍሬ ማሳ ላይ ተበትኖ ካለቀ ቆይቷል፤ ስሙ ግን ከረጢቱ ላይ ቀረ። እኔ ልጅ ሆኜ ማዳበሪያ ማለት ከረጢት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አባቴ «ማዳበሪያ ሊገዛ ሄደ» ሲባል ለባዶ ከረጢት ይህን ያህል ብር የሚያወጣበት ምክንያት አይገባኝም ነበር።

ይህችን ጽሑፍ የጻፍኩት ከአንድ የክፍል ሥራ ተነስቼ ነው። ባለፈው ሴሚስተር መምህራችን «አንድ ሰሃን ምግብ ምረጡና ከየት እንደመጣ እየተከተላችሁ ወደ ኋላ ጻፉ» ብለው አዘዙን። አንዳንዱ ዓሣ መረጠ፣ አንዳንዱ ማር መረጠ። እኔ የመረጥኩት በየቀኑ የምበላውን ሽሮ በእንጀራ ነው። ቀላል መስሎኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፣ መጨረሻ ላይም ያገኘሁት ነገር መጀመሪያ ካሰብኩት የተለየ ሆነ። ውጤቴን ልንገራችሁ ብዬ ሳይሆን፣ የተሳሳትኩበት ቦታ ራሱ ትምህርት ስለሆነ ነው ለዚህ ቡለቲን ያመጣሁት።

መጀመሪያ ያሰብኩት እንዲህ ነው። ጤፍ እኛ አካባቢ ለገበያ የሚበቃ አይመረትም። ሚዛን ወደ 1,450 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፣ ቴፒ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ትላለች፤ ሁለቱም ዝናብ የማይለያቸው፣ ለቡና፣ ለሙዝ፣ ለቅመማ ቅመምና ለሥራ ሥር የተፈጠሩ ቦታዎች ናቸው። ስለዚህ ጤፉ የሚመጣው በመኪና ነው፤ መኪና የሚሄደው በናፍጣ ነው፤ ናፍጣው በሙሉ ከውጭ፣ በጅቡቲ በኩል ይገባል፤ ስለዚህ እንጀራችን በናፍጣ ላይ የቆመ ነው። አለቀ። ርዕሱንም ጽፌ ጨርሼ ነበር።

ቁጥር ለማግኘት መናኸሪያ አካባቢ እህል የሚያራግፉ አይሱዙዎች ጋ ሄድኩ። አንድ ሾፌር ሻይ እየጠጡ አገኘኋቸው። «ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት?» ስላቸው «ስለ መንገዱ ከሆነ አትጠይቂኝ» አሉኝና ሳቁ። ከዚያ ግን በደንብ አስረዱኝ። እሳቸው የሚነዱት ኤፍ ኤስ አር 50 ኩንታል ይጭናል፤ ተጭኖ ዳገት እየወጣ በአንድ ሊትር ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ አድርጎ ሚዛን ለመግባት 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጤፉ የተጫነው ደብረ ማርቆስ አካባቢ ቢሆን እዚያ ላይ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨመራል። ሲመለሱ ሙዝ ወይም ቡና ስለሚጭኑ የመልሱን ጉዞ ለጤፉ አላስከፈልኩትም።

እንግዲህ 860 ኪሎ ሜትር ለ5 ሲካፈል 172 ሊትር። ለ50 ኩንታል ሲካፈል በኩንታል 3 ሊትር ተኩል ገደማ። ይህን ደብተሬ ላይ ጽፌ አየሁት። አየሁትና ቅር አለኝ፤ ትንሽ ነው። ከአንድ ኩንታል ጤፍ የሚወጣውን እንጀራ ብዛት አስቡት፤ ለያንዳንዱ እንጀራ የሚደርሰው ናፍጣ በጣም ጥቂት ነው። «በናፍጣ ላይ የቆመ እንጀራ» የሚለው ርዕሴ ሊፈርስብኝ ሆነ።

ያዳነችኝ የዶርም ጓደኛዬ ናት። ኬሚስትሪ ነው የምታጠናው። ወረቀቴን አንብባ «መኪናውን ብቻ ነው እኮ ያየሽው። ዩሪያውስ?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ዩሪያ እንደ ጨው ከሆነ ቦታ ተቆፍሮ የሚወጣ ነገር ይመስለኝ ነበር። ብዙዎቻችንም እንደዚያ የምናስብ ይመስለኛል፤ ጠይቄ አይቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንኛውም ተክል አረንጓዴ ሆኖ እንዲያድግ ናይትሮጅን ይፈልጋል። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ግን ተክሎች ከአየር ላይ በቀጥታ ሊወስዱት አይችሉም፤ ሁለቱ የናይትሮጅን አተሞች እርስ በርስ የተጣበቁበት ኃይል በጣም ጠንካራ ነው። ያንን ማላቀቅ የሚችሉት መብረቅ፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎች፣ እና ከ1900ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ፋብሪካ ናቸው። ፍሪትዝ ሃበር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1909 ናይትሮጅንን ከሃይድሮጅን ጋር አዋህዶ አሞኒያ ማውጣት እንደሚቻል አሳየ፤ ካርል ቦሽ ደግሞ ወደ ፋብሪካ ቀይሮት እ.ኤ.አ. በ1913 ጀርመን ኦፓው ላይ ሥራ ጀመረ። ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና የአየርን ግፊት ከመቶ እጥፍ በላይ የሚበልጥ ግፊት ይጠይቃል። (ያው ኬሚስትሪ ብዙም ሳይቆይ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈንጂ መሥሪያ ዋለ። እሱ ሌላ ታሪክ ነው።)

ዋናው ጥያቄ ሃይድሮጅኑ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ናይትሮጅኑ ከአየር በነጻ ነው። ሃይድሮጅኑ ግን በአብዛኛው የሚወጣው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ቻይና ውስጥ ደግሞ በብዛት ከድንጋይ ከሰል። ማለትም ጋዙ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ እንደ ማገዶ ይነዳል፣ እንደ ጥሬ ዕቃም ራሱ ማዳበሪያው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የዩሪያ ዋጋ የጋዝን ዋጋ እንደ ጥላ ይከተላል። ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ለሚሆነው ምግብ የሚደርሰው በዚህ መንገድ በተሠራ ናይትሮጅን ነው ብለው የሚያሰሉ ሳይንቲስቶች አሉ።

ከጓደኛዬ ጋር ተቀምጠን ሂሳቡን ሠራነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። አንድ 50 ኪሎ ከረጢት ለመሥራት 29 ኪሎ ያህል አሞኒያ ይገባል። ለአንድ ቶን አሞኒያ ጥሩ የሚባል ፋብሪካ ወደ 30 ጊጋ ጁል ጉልበት ይፈጃል፤ አሞኒያውን ወደ ዩሪያ መቀየርም የራሱን ይጨምራል። በናፍጣ ቋንቋ ስንተረጉመው አንድ ከረጢት ዩሪያ ውስጥ ወደ 25 ሊትር ናፍጣ የሚመጥን ጉልበት አለ። ያቺ 20 ሊትር የምትይዘው ቢጫ ጄሪካን ሞልታ ትተርፋለች። አባቴ ትከሻው ላይ አድርጎ ሲያመጣው የኖረው ከረጢት፣ በሌላ ዓይን ሲታይ ከአንድ ጄሪካን በላይ ናፍጣ ነበር።

አሁን ጤፉን መልሰን እንየው። ልኩ እንደየአካባቢው አፈር ይለያያል እንጂ ለአንድ ሄክታር ጤፍ 100 ኪሎ ዩሪያና 100 ኪሎ ኤን ፒ ኤስ ብለን እንያዝ። (ኤን ፒ ኤስ የድሮውን ዳፕ የተካው ነው፤ 19 በመቶ ናይትሮጅን አለው።) ሁለቱ አንድ ላይ ወደ 70 ሊትር ናፍጣ ይመጣሉ። የአገራችን አማካይ የጤፍ ምርት በሄክታር 18 ኩንታል አካባቢ ስለሆነ፣ በኩንታል 4 ሊትር ገደማ። ያ ሁሉ 860 ኪሎ ሜትር፣ ያ ሁሉ የጅማ ዳገት፣ ጎማና ጭስ በኩንታል 3 ሊትር ተኩል ነው። ጤፉ ገና ከማሳው ሳይነሳ፣ አንድ መኪና ሳይነካው፣ ከዚያ የሚበልጥ «ጠጥቷል»። በበሬ ታርሶ፣ በእጅ ታጭዶ፣ በከብት ተወቅቶ እንኳን። ማሳው ላይ ሞተር የሚባል ነገር አልነበረም። በሬ ናፍጣ አይጠጣም፤ ግን በሬው የሚያርሰው ማሳ ይጠጣል። የአርሲና የባሌ ስንዴ ሲሆን ትራክተርና ኮምባይነር ስለሚጨመርበት ሂሳቡ ከዚህም ከፍ ይላል።

ሽሮው ላይ ብዙ አልቆይም። አተርና ሽምብራ በሥራቸው ላይ ናይትሮጅን ከአየር የሚወስዱ ባክቴሪያዎችን ስለሚይዙ ዩሪያ እምብዛም አይፈልጉም። ሽሮ እንግዲህ ከእንጀራው ይልቅ ንጹሕ ነው። ዘይቱ ግን ጉድ ነው፤ ፓልም ከሆነ ከኢንዶኔዥያ ወይም ከማሌዥያ በመርከብ የመጣ ነው። እንጀራው የተጋገረበት ማገዶ እንጨት የድንጋይ ከሰል ወይም ነዳጅ አይደለም፤ እሱ የዛሬ ዛፍ ነው፤ የድንጋይ ከሰል ደግሞ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የነበረ ዛፍ። ልዩነቱ የዛሬውን መልሰን መትከል መቻላችን ነው፣ ከተከልነው።

ይህ ጥገኝነት እኛ አገር እንዴት ገባ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ምርጥ ዘርንና ማዳበሪያን ለገበሬው አስተዋወቀ። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የሳሳካዋ ግሎባል 2000 ፕሮግራም የሠርቶ ማሳያ ማሳዎችን አስፋፋ፤ መንግሥትም ያንኑ ጥቅል ወደ ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ አስገባው። ምርት ጨምሯል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ከምርቱ ጋር አንድ ገመድ አብሮ ተዘረጋ። የገመዱ አንዱ ጫፍ የገበሬው ማሳ ላይ ነው፣ ሌላው ጫፍ የጋዝ ጉድጓድ ላይ።

ያ ገመድ ሲሳብ ምን እንደሚሆን አገራችን አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1973 መጨረሻ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲንር ወሬው የደረሰን በቤንዚን ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ ምክንያት ሥራ አቆሙ፤ የመምህራኑና የወታደሩ ጥያቄ አብሮ ነበር፤ ቀጥሎ የሆነውን ሁላችንም ታሪክ ክፍል ተምረነዋል። በቅርቡ ደግሞ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ሩሲያ ዩክሬን ውስጥ ጦርነት ስትከፍት፣ ቀድሞውንም ሲወደድ የነበረው የጋዝና የማዳበሪያ ዋጋ ሰማይ ነካ። ዩክሬንን በካርታ ላይ አሳዩኝ ቢባል የማያሳይ የየኪ ገበሬ ጦርነቱን በከረጢት ዋጋ አወቀው። ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ቀስ በቀስ ማንሳት ያዘ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብር ዋጋ ወረደ። በዶላር የሚገዛ ነገር ሁሉ፣ ናፍጣም ማዳበሪያም፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ዋጋ ነው ያለው።

«እኛ ግን የቡና አገር ነን፣ ይህ ምን አገባን?» የሚል ሊኖር ይችላል። እኔም ብዬ ነበር። በእርግጥም ቡናችን በዚህ ረገድ የተባረከ ነው። በሸካ፣ በከፋና በቤንች ሸኮ ጫካ ውስጥ ያለ ቡና ዩሪያ አያውቅም። ሰሳና ብርብራ ጥላ ብቻ አይደሉም፤ ሁለቱም እንደ ሽምብራው ናይትሮጅን ከሚያመጡ ዛፎች ወገን ናቸው። ቅጠላቸው ይረግፋል፣ ይበሰብሳል፣ ቡናው ይመገባል። ጀርመኖቹ በ400 ዲግሪ የሚሠሩትን ብርብራ ዛፍ በሚዛን ዝናብ ስር፣ ያለ ምንም ጩኸት ይሠራዋል። በበቃ ላይ ያለው ሰፊ የቡና እርሻ እንኳን (ከአገሪቱ ትልልቆቹ አንዱ ነው፤ ድሮ የመንግሥት ነበር) ቡናውን የያዘው በጥላ ዛፍ ስር ነው። ጀንፈሉ የሚደርቀውም በፀሐይ ነው። ናፍጣ የሚገባው እሸት ቡና መፈልፈያው ማሽን ላይ፣ መቀሸሪያው ላይና ጭነቱ ላይ ነው።

ችግሩ ቡና አይበላም። ይህን ለማለት ሌላ ሰው ጋ መሄድ አላስፈለገኝም፣ ቤታችንን ነው ያየሁት።

ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ከቴፒ ወጣ ብላ በየኪ ወረዳ በምትገኝ ቀበሌ ነው። ልጅ ሆኜ ጓሯችን ሦስት ነገር ነበረው፤ ከቤት ጀርባ እንሰት፣ ወንዙ ዳር ጎደሬ፣ ወደ ላይ ዝንጅብል። ዝንጅብሉ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ አካባቢያችንን በሙሉ ባዳረሰው የአጠውላጊ በሽታ ሞተ። አባቴ ቦታውን ቡና ተከለበት። ቡናው አፈራ፣ ዋጋም ጥሩ ሆነ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎደሬውም ተነቀለና ቡና ሆነ። ግማሽ ሄክታር በቆሎ ብቻ ቀረች። ማንም አልተሳሳተም። እኔ ራሴ ኮሌጅ የገባሁት በዚያ ቡና ነው። አንድ ኪሎ የደረቀ ቡና ስንት ኪሎ ጎደሬ እንደሚገዛ ለሚያውቅ ሰው ጎደሬ መትከል ሞኝነት ነው። አገርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘን ብለን ተደሰትን፣ ለነዳጅ የምናወጣው ግን ከዚያ ይበልጣል። ቡናችን ባሕር ተሻግሮ ናፍጣ ሆኖ ይመለሳል ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ባለፈው ክረምት የሆነው ግን ከአእምሮዬ አይወጣም። ናፍጣ ጠፋ። ማደያዎቹ ላይ ሰልፍ ብቻ ነበር፤ በጎን በሃይላንድ የሚሸጠው ደግሞ የማይቀመስ ነበር። የቀበሌያችን ወፍጮ በናፍጣ ነው የሚሠራው፤ ቆመ። መጀመሪያ ቀን ሰው ሳቀ፣ «ነገ ይመጣል» ተባለ። አምስት ቀን ሆነው። ጎተራ ውስጥ በቆሎ አለ፣ ዱቄት የለም። እናቴ ንፍሮ ቀቀለች፤ በአራተኛው ቀን አያቴ ጥርስ ስለሌላት የበቆሎ ንፍሮ መብላት አቃታት። እናቴ ጎረቤት ሄዳ ጎደሬ ለመነች። ያ ጎረቤታችን ደሃ ነው የሚባል፣ ቡና ያልተከለ፣ ሁልጊዜ የምናዝንለት ሰው ነው። ግማሽ ማዳበሪያ ጎደሬ ሰጣት። እናቴ ስትመለስ ምንም አላለችም። አባቴም ምንም አላለም። ጎደሬ ወፍጮ አይፈልግም፤ ትቀቅለዋለህ፣ ትልጠዋለህ፣ ትበላዋለህ።

ሚዛን ገበያ ላይ ጎደሬ የሚሸጡ አንዲት እናት ይህንኑ በሌላ ቃል ነግረውኛል። «ጤፍ ሲወደድ የኔን የሚፈልገው ይበዛል» አሉኝ። «ሲረክስ ደግሞ፣ የኔ ልጅ፣ የድሃ ምግብ ነው ይሉኛል።»

እንግዲህ ምን ይደረግ? እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አጋጥሞኛል። አንደኛው «ማዳበሪያ የሚባል ነገር ይቅር፣ ወደ ተፈጥሮ እንመለስ» የሚል ነው። የዚህን መልስ ስሪላንካ ሰጥታለች። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 መንግሥቷ የኬሚካል ማዳበሪያ እንዳይገባ በአንድ ጊዜ ከለከለ። የሩዝ ምርት ወደቀ፣ ሻዩ ተጎዳ፣ ሩዝ ከውጭ መግዛት ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ክልከላው ተነሳ። ኩባ ደግሞ ፈልጋ ሳይሆን ተገዳ ገባችበት፤ ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1991 ስትፈርስ ነዳጁም ማዳበሪያውም ቀነሰባት። በሬ ወደ ማሳ ተመለሰ፣ ከተማ ውስጥ አትክልት ተተከለ፣ ሰዉ ግን ከሳ። ኩባ ብዙ ነገር ተምራለች፤ የተማረችው ግን በረሃብ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ሰው «ፋብሪካውን እኛው እንሥራው» ይላል። ይህ ከደጃፋችን የራቀ ወሬ አይደለም። ከቴፒ በማሻና በጎሬ አድርጎ ወደ በደሌ የሚሄድ ሰው ያዩን ያልፋል። ያዩ የድንጋይ ከሰል አለው። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ከዚያ ከሰል ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ሥራው ለሜቴክ ተሰጠ፤ ብዙ ገንዘብ ፈሰሰበት፣ ሳይጠናቀቅም ቀረ። የሚገርመው ቦታው ነው። የያዩ ደን የዱር አረቢካ ቡና ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ያለ ዩሪያ የሚኖረው ቡና ባለበት ጫካ አጠገብ፣ ከከሰል ዩሪያ ለማውጣት። እኔ ቦታውን መርጬ ልብ ወለድ ብጽፍ መምህራችን «አጋነንሽ» ይሉኝ ነበር።

አዲሱ ተስፋ ምሥራቅ ነው። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ፤ ያኔውኑ ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ጋር በመሆን ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ለሚያመርት ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ከተሳካ ዶላሩን ያድናል፣ በጅቡቲ መጠበቅንም ያስቀራል። ከጋዝ ግን አያላቅቀንም፤ የጋዝ ጉድጓዱን ወደ ግቢያችን ያመጣዋል እንጂ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፣ ግን ሌላ ለውጥ ነው።

አንድ ሦስተኛ መንገድ መኖሩን የነገረችኝ ያቺው ጓደኛዬ ናት። ሃይድሮጅን ከጋዝ ብቻ ሳይሆን ውኃን በኤሌክትሪክ በመሰንጠቅም ይገኛል። ሕልም አይደለም፤ ግብጽ አስዋን ላይ ኪማ የሚባል የማዳበሪያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ከአባይ ውኃ በተገኘ ኤሌክትሪክ ለአሥርተ ዓመታት እንዲህ ሠርቷል። በኋላ ወደ ጋዝ ዞሯል፣ ርካሹ እሱ ስለሆነ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሕዳሴን ያስመረቀች አገር ይህን ጥያቄ ቢያንስ ማንሳት አለባት ብዬ አምናለሁ። ኤሌክትሪኩ ብዙ ነው የሚፈጀው፣ የሚወስደው ሰው ደግሞ ሌላም አለ፤ የኛ ወፍጮም ገና ወረፋ ላይ ነው።

የክፍል ሥራውን ካስረከብኩ በኋላ ለዕረፍት ቤት ስሄድ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። አባቴን ለማሳመን ነው። «አባዬ፣ ይህ ከረጢት 25 ሊትር ናፍጣ ነው» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ሳላደርግበት ከዚያች ግማሽ ሄክታር ዘጠኝ ኩንታል ነው የማገኘው። አንዱን ከረጢት ሳደርግበት አሥራ ስድስት። ያንን ሰባት ኩንታል አንቺ በምንድነው የምታመጪልኝ?» አለኝ። መልሱን እዚያው ደብተሬ ላይ ሠራሁት። 25 ሊትር ለሰባት ሲካፈል በኩንታል 3 ሊትር ተኩል ገደማ ነው። ያንን ሰባት ኩንታል በቆሎ ከሩቅ በአይሱዙ ቢገዛው፣ የበቀለበትን ዩሪያ ሳንቆጥር፣ ለጉዞው ብቻ ከዚያ የማይተናነስ ይቃጠላል። አባቴ አንድም ፊደል ሳይጽፍ ከኔ ሂሳብ በልጦ ተገኘ። ያንን ከረጢት በቆሎው ላይ ማድረጉ ከምንገዛው እህል ይልቅ ነዳጅ ያበዛ አይደለም። ጥያቄው ከረጢቱን ይግዛ ወይስ አይግዛ አልነበረም፤ ከረጢቱም፣ መኪናውም፣ ወፍጮውም በአንድ ቀን ሲቆሙ ቤት ውስጥ ምን አለ ነው።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማን ነበር። «ወንዙ ዳር ያሉትን ሁለት መስመር ቡናዎች እኔ እነቅላለሁ» አለች። አባቴ «ያፈሩ ቡናዎች ናቸው እኮ!» ብሎ ጮኸ። ሁለት ቀን ተኮራረፉ። አንድ መስመር ላይ ታረቁ።

ይህን ስጽፍ ደውዬላት ነበር። ጎደሬው ቅጠሉ የአያቴን ጥላ ያክላል አለችኝ። ችግኙን ያገኘችው ከዚያው ከጎረቤታችን ነው፣ በማዳበሪያ ተሸክማ ነው ያመጣችው። አባቴ ዩሪያውን ገዝቷል። ወፍጮው አሁንም በናፍጣ ነው የሚሠራው፤ የመብራቱ ምሰሶ ቆሟል፣ ሽቦው አልመጣም።